የላሜ ጢም

ኢንዲያናፖሊስ ላይ በመኪና እሽቅድምድም ስምንት መቶ ኪሎሜትር ነድቶ ያሸነፈ ሰው የሚጠጣው ወተት ነው። የሚሰጠውም ላም አርቢ ነው፤ ዘንድሮ ተራው የእኔ ነበር። ነጂዎቹ የሚፈልጉትን ወተት አስቀድመው ያስመዘግባሉ። ገና ጢም ያላበቀለው ሃርላን ቅባቱ የወጣለትን መረጠ።

«ይሄ ወተት ነው ወይስ የጠርሙስ እጣቢ?» አልኩት።

«እትዬ ቬርና፣ እንዳልወፍር ብዬ ነው።»

«የላሜን ይዤ እመጣለሁ፤ ትለምነኛለህ!»

ሃርላን አሸነፈ። እየተናደድኩ ያስመዘገበውን ሰጠሁት። አንዴ ተጎነጨና የቀረውን አናቱ ላይ ደፋው።

«ይሄ ለመታጠቢያ ነው!» ብሎ ጮኸ። «አሁን የእርስዎን ያምጡ!»

ከነቅባቱ ሰጠሁት፤ ጠርሙሱን እስኪጨርስ አልተነፈሰም።

በማግስቱ ጋዜጣው ላይ ነጭ ጢም አብቅሎ ወጣ። ያበቀለችለት ላሜ ናት።