ከውስጥ የሚዘጋ በር

ሰውየው የተዘጋ በር ሲያይ ሳይገፋ አያልፍም። ልማዱ የመጣው ከሥራው ነው። ዕድሜውን የፈጀው በመጋዘን ዘበኝነት ነው። ማታ ማታ በረጅሙ መተላለፊያ እየሄደ እያንዳንዱን በር በመዳፉ ገፋ ያደርጋል፤ በሩ ካልተነቃነቀ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጠዋት አለቃው ሲመጣ "በሮቹ ደህና ናቸው" ይላል። ሌላ የሚለው የለውም። የሥራ ባልደረቦቹ "አባ ግፋው" ብለው ሰየሙት፤ ስሙም እንደ ቁርጥማት አብሮት ጡረታ ወጣ።

እጁ ግን ጡረታ አልወጣም። ቤት ከዋለ ወዲህ የወጥ ቤቱን በር ይገፋል፤ ሚስቱ ሽንኩርት ስትከትፍ ያገኛታል።

"አለሽ?" ይላታል።

የመኝታ ቤቱን ይገፋል፤ ልብስ ስታጥፍ ያገኛታል።

"አለሽ?"

"የት እሄዳለሁ ብለህ ነው?"

በሩን ገጠም አድርጎ ይሄድና ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሚስቱ ሳህን እያነሣች፣ "ለዕቃ ቤቱ በር ቁልፍ ግዛልኝ" አለችው።

"ምን ልትቆልፊበት?"

"ግዛ ስልህ ግዛ። በቁልፍ ነገር ካንተ በላይ የሚያውቅ አለ?"

ይህ አፉን አስያዘው። የተመሰገነ ሰው መጠየቅ ይከብደዋል። ጥያቄው ግን ከሆዱ አልወጣም።

ዕቃ ቤት የሚሉት ጠባቡ ክፍል ድሮ የመጨረሻዋ ልጃቸው መኝታ ነበር። እሷ አግብታ ከወጣች ወዲህ የማይጣልም የማይፈለግም ዕቃ ሁሉ እዚያ ይከማቻል። ሚስቱ ገበያ ስትወጣ አባ ግፋው ገብቶ ፈተሸ። እግሩ የወለቀ አልጋ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ ክዳን የሌለው ሣጥን፣ ማንጠልጠያው የተበጠሰ የተማሪ ቦርሳ። ሌባ ቢገባ አዝኖ የሆነ ነገር ትቶላቸው የሚወጣበት ክፍል ነው።

አንድ ነገር ግን ዓይኑን ያዘው። በሁሉም ላይ አቧራ አለ፤ በመስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ የለም። ወንበሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። መስኮቱ የሚያሳየው ደግሞ የጎረቤትን ግድግዳ ብቻ ነው። ከወንበሩ ሥር አየ፤ ምንጣፉን ዘርግቶ አየ፤ ሣጥኑን ገለበጠ። ምንም።

"ሰው የሚቆልፈው እንዳይጠፋበት የሚሳሳለትን ነው፤ ወይም እንዳይታይበት የሚፈራውን" አለ ለራሱ። "የእሷ የትኛው ይሆን?" ሁለተኛውን እያሰበ ሣጥኑን እንደገና ገለበጠው።

በማግስቱ የብረታ ብረት ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ ወፍራምና ወሬ ወዳድ ነው።

"አባባ፣ ምን ልስጥዎት?"

"የዕቃ ቤት ቁልፍ።"

"ዕቃ ቤቱ ውስጥ ምን አለ?"

"እሱን ነው እኔም የማላውቀው።"

"የማያውቁትን ነገር ሊቆልፉ!" ባለሱቁ ሳቀና የሚያብረቀርቅ እጀታ ያለው ቁልፍ አወጣ። "ይሄ አሁን የመጣ ነው። ዘመናዊ።"

"ይሄ ጌጥ ነው። ጆሮ ላይ አንጠልጥለው። ጓጉንቸር አምጣ፤ ከባዱን። ማሠሪያ ብረቱንም። ብሎኑ በሩን በስቶ የሚያልፍ ይሁን። ከውጭ ብቻ የተጠመዘዘውን ሌባ በካቻቪቴ ፈቶት ይገባል። በውስጥ በኩል በዳዶ ነው መጥበቅ ያለበት።"

"ሌባ ነበሩ እንዴ አባባ?"

"የሌባ ጠላት ነበርኩ። ከወዳጁ ይልቅ አውቀዋለሁ።"

ጓጉንቸሩ ሦስት መክፈቻ አለው። ወደ ቤት ሲመለስ አንዷን ከቀለበቱ አወጣና በሸሚዙ ኪስ ከተታት። ለምን እንዳደረገው አልጠየቀም፤ ራሱንም ቢሆን።

ከሰዓት በኋላ ለካ፣ ምልክት አደረገ፣ በመሰርሰሪያ አራት ቀዳዳ በሳ። ብሎኖቹን አሳልፎ ዳዶዎቹን አጠበቀ። ጓጉንቸሩን አንጠልጥሎ ሲለቀው በሩ ላይ ድም ብሎ አረፈ። በገዛ እጁ ከሠራቸው ነገሮች ይህን የሚያህል አልነበረም። ሚስቱን ጠራት።

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። በሩን አየች፤ ወደ ውስጥ ገብታ ዘጋችው፤ ከፍታ ወጣች።

"ይሄ የሚዘጋው ከውጭ ነው።"

"ታዲያ ከየት ሊዘጋ ነው?"

"ከውስጥ ነዋ።"

ሳቀ። ብቻውን መሳቁን ሲያውቅ አቆመ። "ከአሮጌ ዕቃ ጋር ቆልፈሽ ልትቀመጪ?"

"አዎ።"

መሰርሰሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሰብስቦ ማንሣት ያለበትን ብናኝ በጫማው ጫፍ ይገፋ ጀመር።

"ሁለት ሰው ባለበት ቤት ከውስጥ የሚዘጋ በር የሚዘጋው በአንድ ሰው ላይ ነው" አለ። "ምን በደልኩሽ?"

"አልበደልከኝም። ትገፋለህ።" በሩን ተደግፋ ቆመች። "ድሮ ማታ ሥራ ነበርክ፤ ቀን እንቅልፍ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ቁጭ ብዬ አስብ ነበር። አሁን አንድ ሐሳብ እጀምራለሁ፤ መሃሉ ላይ ስደርስ በሩ ይከፈትና 'አለሽ?' ትለኛለህ። ቤት ከዋልክ ወዲህ አንድም ሐሳብ አልጨረስኩም።"

"ምን ዓይነት ሐሳብ?"

"ይኸው!" አለች እጇን ዘርግታ። "ይኸው፣ ገፋህ!"

አባ ግፋው ጆሮው ድረስ ቀላ።

"ካልገጠምክልኝ ወንበሬን ተሸክሜ ልጄ ቤት እሄዳለሁ። እዚያ በር የሚገፋ የለም" አለችና ወደ ወጥ ቤቷ ተመለሰች። ቀልዷን ይሁን የምሯን ከፊቷ ማንበብ አልቻለም። ይህን ያህል ዘመን አብረው ኖረው ፊቷን ማንበብ አለመቻሉ ከዛቻው ይልቅ አስደነገጠው። ማታ ሥራ፣ ቀን እንቅልፍ፤ መቼ አይቷት ያውቃል?

ጓጉንቸሩን ፈትቶ ወደ ሱቁ መለሰ።

"ምነው አባባ፣ ዕቃው ጠፋ?"

"ዕቃው ከውስጥ ነው የሚቆለፈው።"

ባለሱቁ አልገባውም፤ መክፈቻዎቹን ቆጠረ። "ሦስተኛዋስ?"

ሽማግሌው ኪሱን ዳበሰ፤ አወጣና ባንኮኒው ላይ አኖራት። ባለሱቁ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ።

"እማማ እንዳይሰሙ" አለ።

"መቀርቀሪያዎች አሳየኝ" አለ አባ ግፋው ኮስተር ብሎ።

አንዱ ይንቋቋል፤ አንዱ ይጠብቃል፤ የአንዱ ጫፍ ስለት ነው። ሚስቱን ጠዋት ጠዋት ጣቷን ይቆረጥማታል፤ ይህን ያህልስ ያውቃል። ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ ጣት ብቻ እየገፋ ሞከራቸው። ራሱ ድቡልቡል፣ በቅባት ላይ እንደሚሄድ የሚንሸራተት አንድ ትንሽ አገኘ።

"እሱ እኮ ደካማ ነው። ጎረምሳ በትከሻው ቢመታው ይነቀላል።"

"ጎረምሳ የለብንም። ያለው አንድ ሽማግሌ ነው።"

ለመግጠም ገብቶ በሩን በራሱ ላይ ዘጋ። በር ከውስጥ ሲታይ ሌላ በር ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሮችን የሚያውቃቸው በጀርባቸው ኖሯል። መቀርቀሪያውን እሷ እጇን ሳታነሣ በምትደርስበት ቁመት አደረገው። ከዚያ ለሙከራ ዘጋውና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ግድግዳውን አየ። ፀሐይ ያረፈበት ስንጥቅ አለ፤ ጉንዳን በስንጥቁ ይወርዳል። ሊያስብ ሞከረ። የመጣለት በሩን በደንብ ዘግቼው ይሆን የሚል ብቻ ነበር።

የጓጉንቸሩ ማሠሪያ አራት ቀዳዳዎች ቀሩ። እንጨት ጠርቦ ሦስቱን ወተፈ። አራተኛውን ተወው። "እንጨቱ አለቀ" አለ ለራሱ፤ እንጨቱ እግሩ ሥር ተቀምጦ እያየው።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ሚስቱ ገባች። መቀርቀሪያው ቀስ ብሎ ሲገባ ሰማው። ጥቂት ቆይቶ በዚያ ሲያልፍ እጁ ሳያዘው ተዘረጋና በሩን ገፋ። አልተነቃነቀም። መጋዘን ቢሆን ወደሚቀጥለው ያልፍ ነበር። እዚህ ግን ቆመ። ዙሪያውን አየ፤ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን በቀዳዳው ላይ አደረገ።

የወንበሩ ጀርባ ታየው፤ ትከሻዋ፤ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ራሷ። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው። የምትደብቀው ነገር የለም። የምታነበው፣ የምትሰፋው፣ የምትቆጥረው የለም። አንዴ ትከሻዋ ተነቃነቀ፤ የሳቀች መሰለው። በምን እንደሳቀች ለማወቅ ያለውን ሁሉ በሰጠ ነበር።

ይህን አቀማመጥ ያውቀዋል። የእሱ ነው። ማታ ከዙር ተመልሶ በርጩማው ላይ እንዲሁ ነበር የሚቀመጠው፤ ንጋት ድረስ፣ ምን ታስባለህ የሚለው ሰው ሳይኖር። ያ ሁሉ ማታ የራሱ ነበር፤ ደመወዝም ይከፈለው ነበር።

ሄዶ እንጨቱን አመጣ፤ ጠረበ፤ ቀዳዳው ላይ ሰክቶ በመዶሻው መታ መታ አደረገ።

"ማነው?" አለች ከውስጥ።

ከተጋቡ ጀምሮ ይህን ጠይቃው አታውቅም።

"እኔ ነኝ።"

"ምን ፈለግህ?"

"ምንም። ቀዳዳ እየደፈንኩ ነው።"

"አንድ ቀርቶ ነበር እንዴ?"

"አንድ ቀርቶ ነበር።"

"ድፈነዋ።"

ደፈነ። የወጣውን ጫፍ በመሮ አስተካክሎ ሄደና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ፀሐይዋ ግቢውን ለቃ ስትሄድ መቀርቀሪያው ተከፈተ። ሚስቱ ወጥታ ውታፉን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ ከዚያ መጥታ አጠገቡ ቆመች። እሱ ጉልበቱን አየ። እሷ ጠበቀች።

"አትጠይቀኝም?"

"ምኑን?"

"ምን ሳስብ እንደዋልኩ።"

ጥያቄው ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። በጥርሱ ያዘው።

"በሩ ደህና ነው" አለ።

ሳቀች፤ በቀዳዳው እንዳየው፣ በትከሻዋ። ከዚያ ፈቀቅ እንዲልላት በጉልበቷ ገፋ አደረገችው።