የሀጅራ ትርፍ አንጀት

«ይህቺ ሴት ሀጅራ አይደለችም» አለኝ የኢንሹራንስ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ወጣት፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

ሳቄ መጣ። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ ላይ ተኮራምታ የምታቃስተው የእናቴ ልጅ ናት። አዝዬ ያሳደግኳት እኔ፣ ጥርስ ስታወጣ የነከሰችው የእኔን ትከሻ። አሁን ይሄ ሽቶ በሽቶ የሆነ ልጅ ሪያድ መሀል ቁጭ ብሎ እህትሽ እህትሽ አይደለችም ይለኛል።

«ወንድሜ፣ ኢቃማዋ እጅህ ላይ ነው። ፎቶውን እየው፣ ከዚያ እሷን እያት» አልኩት በተሰባበረው አረብኛዬ።

«ፎቶው ይመስላል፣ ፋይሉ ግን አይመስልም። የሀጅራ ደም ኦ ነው ይላል፤ የዚህች ቢ ሆኖ ወጣ። የሀጅራ ትርፍ አንጀት ደግሞ እዚሁ ሆስፒታል ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ታዲያ ዶክተሩ ዛሬ ይውጣ የሚለው የማንን ነው?»

ሳቄ እዚያው አፌ ላይ ደረቀ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

ኢቃማ በወረቀት የመኖሪያ ፈቃድ ነው። እኛ ባዲዓ ሰፈር የምንኖር ሴቶች ዘንድ ግን እንደ ጎረቤት ወንፊት ነው፤ ያላት ለሌላት ታውሳለች። ሲም ካርድ ለማውጣት፣ ለቤተሰብ ብር ለመላክ፣ ለመታከም፤ ከዚያ ይመለሳል። ማንም ሌብነት ነው ብሎ አያስበውም፤ እንዲያውም የከለከለች ናት የምትታማው።

ነስሪን ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የተከራየች የሐርቡ ልጅ ናት። ኢቃማ የላትም። ከዓመታት በፊት ተይዛ ተርሒል፣ እነሱ ከአገር የሚያባርሩትን የሚያጉሩበት እስር ቤት ገብታ ነበር። አገሯ ከጣሏት በኋላ በየመን በኩል ሞትን እየዘለለች ተመለሰች። ስለ ተርሒል የጠየቃት ሰው ካለ ወሬ ትቀይራለች። አንድ ቀን ብቻ «እዚያ ከምመለስ አፈር ልመለስ» ብላኛለች፤ ያን ስትል ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

ያኔ ከሁለት ዓመት በፊት ነስሪን ሆዷን ይዛ ስትንከባለል፣ እህቴ ሀጅራ ከምትሠራበት ከዑረይጃ ሰፈር ለዕረፍት እኛ ጋ መጥታ ነበር። አሠሪዋ ተእሚን አስገብታላታለች፤ ኢንሹራንስ መሆኑ ነው። የእኔ ኢቃማ ተእሚን የለውም፣ ቢኖረውም ፎቶዬ ላይ ያለው ጉንጭ ብቻውን ለነስሪን ሁለት ፊት ይወጣዋል። ሀጅራና ነስሪን ግን ሁለቱም መለሎ፣ ሁለቱም ጠይም፣ ሁለቱም ፍንጭት ናቸው። ሀጅራ ካርዷን ከቦርሳዋ አወጣችና «ያላ ሂጂ፣ ዛሬ ሀጅራ አንቺ ነሽ» አለቻት። ነስሪን ሄደች፣ ተቀደደች፣ ተሰፋች፣ ዳነች። ልንጠይቃት እንኳ አልሄድንም። ሀጅራ ብትሄድ ሁለት ሀጅራ ይሆናል፤ እኔን ደግሞ የምሠራበት ፀጉር ቤት አላስወጣኝም።

ሆስፒታልን እንደ ሱቅ ነበር የምናየው፣ ከወጣሽ የሚረሳሽ። ኮምፒውተር እንደ ክፉ አማት ሁሉን ይዞ ቀን እንደሚጠብቅ ማን ነገረን?

ዶክተሩ መጋረጃውን ገልጦ መጣ። ፀጉሩ የሸበተ ሱዳናዊ ነው፤ ከመጣን ጀምሮ አንዴ እንኳ አልተቀመጠም።

«ምን ሆነ? ሙዋፈቃው አልመጣም?» አለ። ሙዋፈቃ የሚሉት የኢንሹራንሱን ፈቃድ ነው። ያለ እሱ ቢላዋ አይነሳም።

«ኩባንያው እምቢ አለ። የወጣ አንጀት ሁለቴ አይወጣም ይላል» አለ ወጣቱ።

«ሆዷ ላይ ጠባሳ የለም! ምስሉ ላይ አብጦ ይታየኛል!»

«ዶክተር፣ ኩባንያው ሆድ አያይም።»

ዶክተሩ ጥርሱን ነክሶ ወደ ሀጅራ ተመለሰ፤ እኔም ተከተልኩት። ላቧ ትራሱን አርሶታል። ጎንበስ ብሎ «ልጄ፣ ከዚህ በፊት ኦፕሬሽን ሆነሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

ሀጅራ እኔን አየችኝ። ሁሉን ከመጋረጃው ጀርባ ሰምታለች።

«አዎ» አለች።

«የት ጋ?»

ያቺ የእኔ ጅል ግራ ጎኗን አሳየችው። ትርፍ አንጀት በቀኝ መሆኑን እንኳ አታውቅም፤ ሆኖም ለነስሪን ብላ ትዋሻለች። ዶክተሩ ጣሪያውን አየ። እኔ ልመታትም፣ አቅፌ ላለቅስም ፈለግኩ።

«ወደ ሌላ ሆስፒታል እንውሰዳት?» አልኩት።

«ሹመይሲ ያለው የመንግሥቱ ይቀበላታል። ግን መንገዱ በዚህ ሰዓት በመኪና ተጨናንቋል፤ መንገድ ላይ ቢፈነዳስ?» ወደ ወጣቱ ዞሮ ጮኸ። «ለድንገተኛ ሕግ አለ፣ አንተ ሰው!»

«ሕግ አለ። ማንነቷን ያላወቅነው ሴት ተኝታ ባትነሳ ግን በማን ስም እንቀብራታለን? ተጠያቂው እኔ ነኝ። ወይ አሠሪዋ መጥታ ሠራተኛዬ ናት ትበል፣ ወይ ያኔ በዚህ ስም የታከመችው ትምጣና የድሮው ፋይል ይሰረዝ።»

አሠሪዋ ለሰርግ ጅዳ ናት። ደወልኩ፣ አታነሳም። ሀጅራን በር ላይ ጥሏት ለሄደው ሾፌር ደወልኩ፣ «ማማ አታነሳም፣ ማማ ሰርግ» ይለኛል፤ ሌላ ቃል የለውም። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። ኮሪደሩን እስከ ውኃ ማቀዝቀዣው ሄድኩ፣ ውኃ ቀዳሁ፣ ሳልጠጣ ደፋሁት፣ ተመለስኩ። የአንዲት ነርስ ጫማ ረገጥኩና እሷኑ ተቆጣኋት። በዚህ መሀል የሀጅራ ማቃሰት እየቀነሰ መጣ፤ ተሻላት ብዬ ደስ ሲለኝ የዶክተሩ ፊት ጠቆረ፤ «ድንገት ሲቀንስ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል» አለ።

«እታለም» አለችኝ እጄን ይዛ። እጇ ይፋጃል። «ነስሪንን እንዳትጠሪ። በአላህ ይሁንብሽ። እኔ ያልፍልኛል።»

«ዝም በይ።»

«ማይልኝ።»

አልማልኩም። ወጣሁና የነስሪንን ቁጥር ነካሁ፣ እንደጠራ ዘጋሁት። ደግሞ ነካሁ፣ ደግሞ ዘጋሁ። እህቴን እፈልጋታለሁ፣ ነስሪንን ደግሞ በገዛ አፌ ለፖሊስ መስጠት አልፈልግም። ሁለቱን መፈለግ እንደማይቻል ልቤ ያውቀዋል፤ እግሬ ግን አላምን ብሎ ወዲያ ወዲህ ይለኛል። በሦስተኛው እሷ ራሷ መልሳ ደወለች።

«እህቴ፣ ምነው ታቆራርጪኛለሽ?»

«ምን በላሽ?» አልኳት። ይሄን ነው የጠየቅኳት።

«ምን በላሽ? ይሄ የሆስፒታል ድምፅ ነው። ማን ታመመ?»

ነገርኳት። አንድም ሳላስቀር፣ እየተንተባተብኩ ሁሉን ነገርኳት። ነይ ግን አላልኳትም፤ እሱን ቃል አፌ እምቢ አለ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ «እሺ» ብላ ዘጋችው። መልሼ ስደውል ስልኳ ጠፍቷል።

ጠበቅኩ። ከባዲዓው ቤታችን እዚህ በእግር እንኳ ሩቅ አይደለም። አልመጣችም። የከሰዓቱ፣ የዐስር ሰላት ተሰግዶ ሰዎች ጫማቸውን እየጎተቱ ተመለሱ፣ አልመጣችም። ያኔ ንዴቴ ገነፈለ። ስልኳን አጥፍታ ጠፋች! እህቴ ስሟን አውልቃ ያለበሰቻት፣ እኔ ገላዋን ያጠብኳት፣ ያቺ የውሻ ልጅ ጠፋች! እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሜ እርግማን የሚባለውን ሁሉ አወረድኩባት፤ አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት «ኢስተግፊሪ» አሉኝ፣ ምሕረት ለምኚ ማለታቸው ነው፤ ለእሳቸውም ፊት አልሰጠሁም።

በሩ ተከፈተና ነስሪን ገባች።

መጀመሪያ አላወቅኳትም። ሪያድ ውስጥ መንገድ ላይ ፊቷን አይቼው አላውቅማ። ሁሌ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው፣ ፖሊስ ስለምትፈራ። አሁን ኒቃቧን አውልቃ ፊቷን ገልጣ፣ በጥበቃው ፊት ቀጥ ብላ እየሄደች ነው። እጇ ላይ ፌስታል ይዛለች። ውስጡ ቅያሪ ልብስ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ነጠላ ጫማ ይታየኛል። ለካ የቆየችው ለዚህ ነው። ተርሒልን የምታውቅ ሴት ለተርሒል ስትሰናዳ ነበር። ስልኳን ደግሞ የሌሎቹ ወረቀት አልባ ልጆች ቁጥር እንዳይያዝ ቤት ጥላው ነው የመጣችው።

በዚያ ሁሉ እርግማኔ አፈርኩ።

«የታለች?» አለችኝ።

የቀረው ፈጠነ። ነርሷ መጋረጃ ውስጥ አስገብታ ጠባሳዋን አየች፣ ደም ቀዳች፤ ኦ ሆነ። ወጣቱ እየጻፈ «ስምሽ?» አላት። ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ነገረችው፣ እንዳይሳሳት ደግማ ነገረችው። ፈቃዱ መጣ። አልጋው ሲገፋ ሀጅራ ግማሽ ሰመመን ላይ ስለነበረች ማን እንደመጣ አላየችም። ወጣቱ ስልኩን አንስቶ ወደ ማን እንደሚደውል ነገረን። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ዓይናችንን ሊያይ አልቻለም።

ዶክተሩ እጁን ሊታጠብ ሲያልፍ ከተቀመጥንበት አጠገብ ቆመ። «በዚያ በኩል ያለው በር የጽዳት ሠራተኞች ነው። ወደ መኪና ማቆሚያው ያወጣል። አይቆለፍም» አለና ማንንም ሳያይ ሄደ።

ነስሪንን ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። «ያላ! አልሰማሽም? ተነሽ!»

አልተነሳችም።

«አንቺ! ኸላስ፣ ያደረግሽው ይበቃል፣ ሂጂ!»

«ያኔ ስነቃ» አለች ነስሪን፣ ፌስታሏን ጭኗ ላይ አስተካክላ፣ «ሀጅራ፣ ሀጅራ ይሉኛል። ማንን ነው የሚጠሩት ብዬ ዝም አልኩ። በስሜ የሚጠራኝ ስላልነበረ የሞትኩ መስሎኝ ነበር። እሷ ስትነቃ ሰው ይኑራት።»

«እኔ አለሁ አይደል!»

«አንቺ ትጮኺባታለሽ።»

ሳቅኩ፤ ሳቄ ለቅሶ ሆነብኝ። እዚያው ተቀመጥን። በር በተከፈተ ቁጥር እኔ እዘላለሁ፣ እሷ አትንቀሳቀስም።

ሀጅራን አወጧት። ዶክተሩ ጣቱን አንስቶ ደህና ናት አለን። አስገቡን። ነስሪን ግንባሯ ላይ እጇን አድርጋ ቀስ ብላ «ሀጅራ፣ ሀጅሪዬ» አለች። ሀጅራ ዓይኗን ገለጠች፣ የነስሪንን ፊት ተገልጦ አየችው፤ ሁሉም ነገር ገባትና እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ።

«ማን ነይ አለሽ?»

«ዝም በይ፣ ስፌቱ ይለቃል።»

መጋረጃው ተከፈተ። ጥበቃው ከአንድ ፖሊስ ጋር ቆሟል። ፖሊሱ የያዘውን ወረቀት አየና «ነስሪን ማናት?» አለ።

ብድግ አልኩ። ወላሂ፣ እኔ ነኝ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ስም መዋዋስ ለምዶብናል። ነስሪን ትከሻዬን ተጭና መልሳ አስቀመጠችኝ፣ የሀጅራን ብርድ ልብስ እስከ አንገቷ ሳበችላት፣ ፌስታሏን አነሳች።

«እኔ ነኝ» አለች።