ባለ ሦስት ልብ

እና ደግሞ ጫማው፣ ወለሉ ሁሉ እርጥብ በሆነበት ቤት ነጭ ጫማ አድርጎ የሚመጣ ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ይላል ቲቪ ጠጋኙ በሆዱ፣ ከልጁና ከእንጀራ አባቷ ኋላ ኋላ እየተጎተተ፣ ጥርስ ሐኪም ነዋ፣ ጥርስ ሐኪም ነጭ ይወዳል፣ ይውደድ፣ የኔስ ጫማ ምን ሆነ፣ ምንም አልሆነ። ሚጣ የሐኪሙን አውራ ጣት ይዛለች። እጁን ሙሉ አይደለም፣ አውራ ጣቱን ብቻ። ድሮ የአባቷን ነበር እንደዚያ የምትይዘው። እናትየው ናት በስልክ የለመነችው፣ ልጅቷ ሁለታችሁም ካልመጣችሁ ብላለች፣ እባክህ ላንድ ቀን እንኳ አታኩርፍ። ማን አኮረፈ።

የዓሣ ማሳያው አዳራሽ ጨለም ያለ ነው፣ ግራና ቀኙ መስታወት፣ ከመስታወቱ ወዲያ ውሃ፣ በውሃው ውስጥ ያ ሁሉ ጉድ፣ ከአሸዋ አንገታቸውን ብቻ ብቅ አድርገው ሰው ሲቀርባቸው የሚሰምጡት፣ ድንጋይ መስሎ ተቀምጦ ግንባሩ ላይ በተንጠለጠለች ክር ትንንሾቹን የሚያታልለው፣ ሁሉንም ያውቃቸዋል፣ ከነአመላቸው፣ ከሚጣ ጋርስ ማን አስተዋወቃቸው፣ እሱ አይደል። ተጠግኖ ያለቀ ቲቪ ሁሉ ለባለቤቱ ከመመለሱ በፊት በባሕር ፊልም ነው የሚፈተነው፣ ሰማያዊና ጥቁር የስክሪንን ጉድ አይደብቁም፣ የሞተች ነጥብ ብትኖር እዚያ ላይ ትጋለጣለች፣ ጎረቤቱ ጠጋኝ በኳስ ጨዋታ ይፈትናል፣ ማግስቱን ደንበኛ ሲጮህበት ይውላል። ሚጣም ከትምህርት ቤት መጥታ የብሎን ሳጥኑ ላይ ቁጭ፣ አገጯ ጉልበቷ ላይ፣ ያንኑ ፊልም በየሰዉ ቲቪ ስታየው ታመሽ ነበር። ያኔ ይሄ ሰውዬ የት ነበር፣ የሰው ጥርስ ይነቅል ነበር።

ይቀናል፣ አዎ ይቀናል፣ አንጀቱ እርር ነው የሚለው። በእናትየው አይደለም፣ ከተለያዩ ቆዩ፣ ደስ ያላትን ታግባ። በዓሣው ነው። ሰው በዓሣ ይቀናል ወይ፣ ይኸው።

ይሄ ሲናደድ እንደ ኳስ ይነፋል፣ ትላለች ሚጣ፣ አንዱ መስታወት ፊት ቆማ። ሐኪሙ ያጎነብሳል። ማን አናደደው? አሁን አልተናደደም እኮ ጋሼ። ጥርስስ አለው? አራት ብቻ፣ ግን ቀንድ አውጣ ከነቅርፊቱ ይሰብርበታል። አራት ብቻ ከሆነማ እኔ ሥራ ልፈታ ነው። ሚጣ ትንከተከታለች፣ እሷ ስትስቅ ቲቪ ጠጋኙ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ንፍት ይላል፣ መርዝም አለው፣ ይላል ከኋላ፣ ጉበቱ ላይ። አውቃለሁ አባዬ፣ ልነግረው ነበር። ሳቋ ይጠፋል። መንገዱን ትቀጥላለች።

ምን አጠፋሁ፣ የማያውቀውን ነው የነገርኩት። ባለፈውም እንዲሁ፣ ሱቅ መጥታ፣ አባዬ የባሕር ፈረስ እኮ፣ ከማለቷ፣ አዎ ወንዱ ነው የሚያረግዘው፣ ሆዱ ላይ ከረጢት አለው፣ ብሎ ጨረሰላት፣ ካቻቢቴውን እንኳ ሳያስቀምጥ። ታውቃለህ ለካ፣ አለች። ከጋሼ ጋር ምን ምን ታወራላችሁ ብሎ ጠየቃት፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ስለ ዓሣ ነዋ፣ አለችው፣ ጋሼ ምንም ስለማያውቅ እኔ ነኝ የምነግረው። ምንም አያውቅም፣ እሰይ፣ እሱ የሰማው ይህችን ብቻ ነው፣ ደስ ብሎት አደረ፣ ይብሱን ፊልሙን ደጋግሞ አጥንቶ መጣ፣ እንደ ተፈታኝ ተማሪ።

ኦክቶፐሱ ጥግ ላይ ተለጥፎ ግድግዳውን መስሏል። ሦስት ልብ አለው፣ ትላለች ሚጣ። ሦስት? ሐኪሙ ቅንድቡን ይሰቅላል፣ ለምን ሦስት? የቲቪ ጠጋኙ አፍ ይከፈታል፣ ሁለቱ ለመተንፈሻው፣ አንዱ ለቀረው አካሉ፣ ሊወጣ ነው፣ ጥርሱ ጫፍ ደርሷል፣ ከዚያ ፊቷን ያያል። ትንፋሿን ስባ ዓይኗ በርቷል፣ ያ የብሎን ሳጥኑ ላይ የነበረው ፊት፣ እሱ ሲነጥቃት የኖረው። ጋሼ ምንም ስለማያውቅ። ለካ። አፉን ይዘጋል። ዝም አይነቅዝም።

ሁለቱ ለመተንፈሻው፣ ትላለች፣ አንዱ ለሌላው፣ ሲዋኝ ደግሞ ካሉት ልቦች አንዱ ቀጥ ስለሚል ይደክመዋል፣ ለዚህ ነው መዳህ የሚወደው። የትኛው ነበር ቀጥ የሚለው፣ ረሳሁት፣ አባዬ፣ የትኛው ነው?

ያውቃል። እንዴት አያውቅ። ቀኑ ደረሰልህ፣ በል እንግዲህ፣ ነጭ ጫማው ፊት አሳየው። እንጃ፣ ይላል። እኔም ረሳሁት።

አንተ? አንተ ረሳህ?

ኦክቶፐስ ላይ ድሮም ደካማ ነኝ።

ለአካሉ የሚረጨው ነው ሚጣ፣ ይላል ሐኪሙ፣ ፈጠን ብሎ፣ ባለፈው ነግረሽኝ የለ። ነግረሽኝ የለ፣ ማለት ሦስቱንም ልብ ያውቅ ነበር፣ ለምን ሦስት ሲል እያወቀ ነበር፣ አራቱን ጥርስም፣ ስንቴ ጠየቃት እያወቀ፣ አይ ብልጥ፣ እና አሁን አባዬ ስትል ሰምቶ ነው መቻል ያቃተው፣ እሱም ቀንቶ።

ታውቃለህ ለካ፣ ትላለች ሚጣ። የሐኪሙን አውራ ጣት ትለቃለች። ና አባዬ፣ አንተ ሁሉንም ረስተህ ይሆናል፣ ከመጀመሪያው ላሳይህ።

ይጎተታል። ሐኪሙ መስታወቱ ፊት ቀርቷል፣ ጉንጩ ንፍት ብሏል፣ ያቺን ፊት ቲቪ ጠጋኙ ያውቃታል፣ ሱቁ ውስጥ በጠፋ ስክሪን ላይ የራሱ ሆና ስንቴ አይቷታል፣ ሊያዝንለት ይቃጣዋል፣ ይቃጣዋል እንጂ አያዝንም። አሁን የራሱ አውራ ጣት ላይ የሚጣ እጅ ይሞቃል። ያ ሁሉ ያጠናው፣ ያ ሁሉ ባሕር፣ በቃ ሆድ ይፍጀው፣ ከእንግዲህ ምንም አያውቅም፣ ይማራል።

ይሄስ ምንድን ነው ሚጣዬ፣ ይላል፣ የባሕር ፈረሱ ፊት ቆሞ።