ትል ያልነካው ቅጠል

ኤራና ከሞተች ሁለት ቀኗ ነው። በጎሳው አዳራሽ ክፍት ሣጥን ውስጥ ተኝታለች፤ የመጣው ሁሉ ያወራታል። ደንቡ ነው፣ ለሟች ፊት ለፊት ነው የሚነገረው። አንዱ ያመሰግናታል፣ ሌላው ይወቅሳታል፤ ሽማግሌው ታማቲማ "አንቺ ነገረኛ፣ እንግዲህ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?" ብሎ ቤቱን አስቋል። አንዲት ቃል ያልተነፈሰችው ልጇ ዊኪቶሪያ ብቻ ናት።

ክፋት እንዳይመስላችሁ። ከኦክላንድ ድረስ መኪናዋን ስትነዳ አላለቀሰችም፣ የእናቷን ግንባር ስትስምም አላለቀሰችም። ውስጧ ድንዝዝ ብሏል። ሲያቅፏት ትታቀፋለች፣ ሾርባ ሲሰጧት ትጠጣለች፣ በቃ። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ክዳኑ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ለእናቷ የምትነግረው ነገር ቢኖር በአፈር ላይ ነው። ይህን አሳምራ ታውቃለች። ቢሆንም ቃሉ አልመጣ አላት።

"ተነሺ ባክሽ" አለቻት በማለዳ የእናቷ እህት ሁሃና። "ትናንት ራሳችን ላይ ያደረግነው የሐዘን ቅጠል ጠውልጓል። የመጨረሻዎቹ እንግዶች ሳይደርሱ ካዋካዋ ቆርጠሽ ነይ።"

"እኔ?"

"ታዲያ ማን? የኤራና ልጅ አይደለሽ?"

የኤራና ልጅ! ኤራና እኮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ልጆች ጫካ እያስገባች የአገሩን ዛፍ ከመጤው መለየት ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ዓይኗን ጨፍና፣ ቅጠል ዳብሳ ስሙን ትጠራ ነበር። የገዛ ልጇ ግን ጆሮዋን በሙዚቃ ደፍና ከኋላ ከኋላ ትጎተት ነበር። ከዚያ ከተማ ገባች፣ አለቀ። አሁን የምታስታውሰው፣ የካዋካዋ ቅጠል የልብ ቅርጽ እንዳለው ብቻ ነው።

ጫካው ጫፍ ላይ እንዲህ ያለው ቅጠል ሞልቷል፤ ግን አባጨጓሬ በልቶት ወንፊት ሆኗል። "ይሄንንማ ለእናቴ አላደርግም" ብላ ተመለሰች። የሰፈሩ ክሊኒክ አጥር ሥር ሰፋ ሰፋ ያለ፣ የሚያብለጨልጭ፣ አንዲት ቀዳዳ የሌለው አገኘች። ከረጢቷን ሞልታ መጣች።

ሁሃና ከረጢቱን ከፍታ አንዱን ቅጠል አገላብጣ አየች። ቀና ስትል የእንግዶቹ አውቶቡስ በር ላይ ቆሟል።

"ምነው አክስቴ?"

"ምንም። ቶሎ በይ፣ እንጎንጉነው።"

ሴቶቹ ቅጠሉን ራሳቸው ላይ አድርገው በሣጥኑ ዙሪያ ተቀመጡ። እንግዶቹ ገቡ። ከኤራና ጋር ጫካ ለጫካ ስትዞር ያረጀችው ማኬሬ እንደ ደንቡ አፍንጫ ለአፍንጫ እየተነካካች ሁሉንም ሰላም አለች። ዊኪቶሪያ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ጉንጉኑን በጣቷ ዳበሰች።

"ይሄ እኮ የሩቆቹ ደሴቶች ዘር ነው፣ አትክልተኛ የሚሸጠው። የኛውን ትል ይበላዋል፤ እኛም ትሉ የመረጠውን ነው የምንቆርጠው። ኤራናን በዚህ ነው የምትሸኟት? ማነው ያመጣው?"

"እኔ ነኝ" አለች ሁሃና። "ዓይኔ ደክሟል።"

"አንቺ? በጨለማ የምትለይው?"

"እርጅና ነዋ። ምን ታደርጊዋለሽ።"

ሁሃና በዕድሜዋ ቅጠል ተሳስታ አታውቅም፤ ይህን የማያውቅ እዚያ ቤት አልነበረም። በእህቷ አስከሬን ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ በገዛ አፏ ስሟን አጎደፈች። ዊኪቶሪያ ፊቷ ጋለ። አፈረች። እናቷ ከሞተች ወዲህ የሆነ ነገር ሲሰማት ይህ የመጀመሪያው ነው።

"ያመጣሁት እኔ ነኝ" አለች። "አክስቴ አይደለችም። እኔ ቅጠሉን አላውቀውም።"

ማኬሬ አተኩራ አየቻት። አልተቆጣቻትም። ወደ ሣጥኑ ዞረች።

"ኤራና፣ ሰማሽ? የሰው ልጅ ስታስተምሪ ኖረሽ የራስሽ ልጅ ቅጠሉን አታውቀውም። ሥራሽን ሳትጨርሺ ወዴት ነው የምትሄጂው?"

ሴቶቹ ሳቁ። ሁሃና እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። ዊኪቶሪያ ተነስታ ተጠጋችና የእናቷን እጅ ያዘች።

"ነግረሽኝ ነበር እማዬ" አለቻት። "እኔ ነኝ ያልሰማሁሽ። ጫካ ስንሄድ አንድም ቀን አልሰማሁሽም።"

ወንዶቹ ክዳኑን ይዘው መጥተው ነበር። እስክትጨርስ ቆመው ጠበቋት።