ለዶክተር ዑበይዱላህ የታረደው በግ

ሙሐዲን ጅዳ መኪና ሲነዳ ኖሮ ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ በሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያሠራበትን ጥሪትና «ገባኝ» የምትል ቃል። ጥሪቱ አለቀ። ቃሏ ግን አላለቀችም። ሰው ገና አፉን ሳይከፍት «ገባኝ» ይላል፤ የገባው ነገር ግን እስከ ዛሬ በዓይን አልታየም።

የማረፊያውን ድረ ገጽ የሠራችው እህቱ ኢቲሳም ናት። በእሱ ዘንድ ይህ ሥራ አይባልም። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ጥቁር ገጽ ላይ አፍጥጣ ትውላለች፤ ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው። ስለዚህ ፓስፖርት አውጥቶላት ጅዳ ሊሰዳት ቆርጧል። ከዚያ የሚያስቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሳጂዳ የምትባል፣ አዲስ አበባ የሶፍትዌር ድርጅት ያላት ሴት ቅዳሜ ሐይቅ ከተማ መጥታ እዚሁ ማረፊያ አድራ ሥራዋን ልታይና ከወደደችው ልትቀጥራት ቃል ገብታለች።

ረቡዕ ዕለት ሙሐዲን እስቲ ይህን ጥቁር ነገርሽን አሳዪኝ አላት። አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፋ ስትጫነው የኢንተርኔት መክፈቻው ብሮውዘር በራሱ ተከፈተ። ስም ተጻፈ፣ ክፍል ተመረጠ፣ ተያዘ፣ መስኮቱ ተዘጋ፤ ወዲያው ሌላ ተከፈተ። ገጹ ስህተት እንዳይኖርበት የምትፈትነው በዚህ እንደሆነ፣ ስሞቹን የፈጠረቻቸው ራሷ እንደሆነች፣ አድራሻውም የሙከራው ቅጂ እንጂ የእውነተኛው ገጽ እንዳልሆነ አንድ በአንድ አስረዳችው። ገባኝ አላት።

በማግሥቱ የጓደኛዋ አባት ሞቱና ኢቲሳም ላፕቶፑን ቤት ትታ አምባሰል ለቅሶ ሄደች። ሙሐዲን ምን ሥራ አለው፤ የጫት ጓደኞቹን ሰብስቦ ላፕቶፑን ከፈተ። ለእኛ ቤት ሙከራ አይመጥንም ብሎም የእውነተኛውን ገጽ አድራሻ አስገባበትና ተጫነው። መስኮቶቹ ይከፈቱ ጀመር፤ ፊደሎቹ ማንም ሳይነካቸው ተራ በተራ ይወርዳሉ። ማነው የሚጽፈው ሲሉት እንግዶቹ ናቸዋ አላቸው። ገጹ ማዕረግ ይቀበል እንደሆነ ለማየት ኢቲሳም የጻፈችው «ዶክተር ዑበይዱላህ ከነቤተሰቡ» የሚል ስም ብቅ ሲልማ ሁሉም ማሻአላህ አሉ። እነዚህ ትልልቅ ሰዎች ጉንጫቸውን ወጥረው ለማሽን ማሻአላህ አሉ። ከምሳ በፊት ማረፊያው ለቅዳሜ አዳር ሞላ።

ቅዳሜ ወደ ማታ ኢቲሳም ከሚኒባስ ስትወርድ ወንድሟ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ አስፋልት ዳር ቆሟል። አጠገቡ ለእንግዶቹ ያዘጋጀው ባጃጅ አበባ ታስሮበታል። በግ ማሳረዱን ነገራት። ከሰዓት በኋላ አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር በመኪና መጥታ የኢቲሳም እንግዳ ነኝ ብላ እንደነበር፣ እሱም ዶክተር እየጠበቅን ክፍል ከየት ይመጣል ብሎ እንደሸኛት ጨመረላት። እየሳቀ ነው የነገራት።

ለቅሶው ቤት ኔትወርክ አልነበረም። አሁን ስልኳ ላይ መልእክት ገባ፤ «ስልክሽ አልሠራ አለን። ገጻችሁ ሞልቷል አለ፤ በር ላይም ሞልቷል ተባልን፤ ግቢው ግን ባዶ ነው። ገጹን የሠራሽው አንቺ ከሆንሽ ሥራሽን አይተናል። ወልድያ እናድራለን። ሳጂዳ።»

ኢቲሳም ደሟ ፈላ። ያን ጀለቢያ፣ ያን አበባ፣ ያን ደስ ያለው ፊት አየችና ናቀችው። ታላቅ ወንድሟን እንዲህ ስትንቅ የመጀመሪያዋ ነው፤ ግን አላፈረችበትም።

«ዶክተሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» አለችው። «ሰውየው የለም። የመጣችውን መልሰህ የሌለውን ቆመህ ትጠብቃለህ።»

ሙሐዲን ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

«ገባኝ» አላት። «አብሽሪ፣ ፓስፖርትሽ እንደሆነ ተዘጋጅቷል። የደሴው ሚኒባስ ግን ገና አልገባም፤ ዶክተሩ በዚያ ይሆናል።»