የበቀቀኑን ጅራት ማን አሳበደው?

የሪዮ ሰው ማጋነን ከጀመረ ለከት የለውም። ያን የካርኒቫል ልምምድ ያዩ ሁሉ የግዙፉ በቀቀን ጅራት ሁለት ከበሮ መቺ ጠርጎ ባሕር ጨመረ ብለው ይምላሉ። ውሸት ነው፤ አንድ ከበሮና የአንድ ሰውዬ ዊግ ብቻ ነው።

ዤኒቫልዶን ግን ሳቅ አልመጣውም። በቀቀኑ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የካርኒቫል ሠረገላ ነው፤ የክንፉን ፕሮግራም የጻፈው እሱ፣ የጅራቱን ዶና ኢራሲልዳ ናቸው። ጅራቱ ሲያብድ አለቃው ኦስማሪኖ "የማነው ሥራ?" ብሎ ጮኸ። ዤኒቫልዶ አፉ ቀደመው፤ "ጅራቱ የዶና ኢራሲልዳ ነው።" አለቀ። ሠላሳ ዓመት ሠረገላ ላይ ቆመው የጨፈሩት ሴትዮ ዘንድሮ ቤትዎ ይቀመጡ ተባሉ። "ደግ" አሉና ባለላባ ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ።

በማግስቱ ነገሩን ሊያጣራ ተቀመጠ። ሁለቱንም ፕሮግራም ሰው እንደጻፈው ሳይሆን፣ ማሽኑ ለራሱ እንደተረጎመው መስመር በመስመር ገለጠ። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ ሉዋ ነው፤ እዚያው ሪዮ የተፈጠረ፣ የሪዮ ልጅ። አንድ ክፉ አመል አለው፤ "ሎካል"፣ የግል ማለት ነው፣ የምትለዋን ቃል ከዘነጋህ፣ የግሌ ያልከውን ነገር ሁሉም በሚጠቀምበት ሳጥን ይከትልሃል። የሰው ዓይን ያልፈዋል፤ የማሽኑ ዝርዝር አያልፈውም።

የዶና ኢራሲልዳ ዝርዝር ንጹሕ ነበር፤ ፍጥነቱን ከጋራው ሳጥን አንብቦ መሄድ ብቻ። የሱ አሥራ አራተኛ መስመር ግን "የጋራው ሳጥን ላይ ጻፍ፤ ፍጥነት" ይላል። ክንፉ በተርገበገበ ቁጥር ጅራቱን የሚያሳብደው እሱ ራሱ ኖሯል!

የረሳትን "ሎካል" ጨምሮ ዝም ቢል ማን ያውቃል? ባርኔጣው ግን ከጠረጴዛው ሆኖ የሚያየው መሰለው። ዝርዝሩን አትሞ ኦስማሪኖ ፊት ዘረጋ።

"ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ትናንትና ምላስህ የማን ነበረች?"

ባርኔጣውን ታቅፎ ቤታቸው ሲደርስ ዶና ኢራሲልዳ ባቄላ ይለቅማሉ።

"ሎካል ረስተህ ነው አይደል?" አሉት ቀና ሳይሉ።

"እንዴት አወቁ?"

"የቡና ስኒህን ሁሌ ሰው ጠረጴዛ ላይ አይደል የምትተወው?"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?"

ባርኔጣውን በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

በሰልፉ ቀን ዶና ኢራሲልዳ ከላይ ቆሙ። ዤኒቫልዶ ለምኖ ከሥር፣ ሠረገላውን ከሚገፉት ጋር ገባ። ጅራቱ ሲዘረጋ የሕዝቡን ጩኸት ሰማ እንጂ ያየው አስፋልትና የፊተኛውን ሰው ተረከዝ ነው። ክንፉ በተርገበገበ ቁጥር ግን፣ ጅራቱ ዳግም የሚያብድ እየመሰለው አንገቱን ይቀብር ነበር።