ቆሎ የተጠቀለለባት ገጽ

በመላው አፍሪካ፣ ምናልባትም በዓለም፣ በሴት ተጽፋ ለሴት ብቻ የምትታተም የፍትወት መጽሔት አንዲት ናት፤ እሷም «ጓዳ» ትባላለች። መሥራቿ፣ ዋና አዘጋጇ፣ አራሚዋና አከፋፋይዋ እኔ ብርሃኔ ወልደሰንበት ነኝ። ማተሚያ ቤቴ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ ነው። ምቀኞች «ያቺ የፎቶ ኮፒ ሱቅ» ይሉታል። ይበሉ። ቀን ቀን ማመልከቻና የኪራይ ውል እጽፍበታለሁ፤ በሩን ገርበብ አድርጌ ደግሞ «ጓዳ»ን። በየሦስት ወሩ ስልሳ ቅጂ ይወጣል። አንዱን ቅጂ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር ተቀምጣ፣ ከፀጉር ቤት ፀጉር ቤት እየተቀባበለች፣ ቢያንስ መቶ ሴት ታነበዋለች። ስልሳን በመቶ አባዙት። ከቀራንዮ እስከ ሳንሱሲ «ጓዳ»ን ያላነበበች ሴት ካለች ዓይኗን ያማታል ማለት ነው።

ወንድ ግን አንድም አያውቃትም። ኩራቴም መሐላዬም ይኸው ነው። ጸሐፊዎቼ ሰባት ናቸው፣ ሁሉም በብዕር ስም። ለእርማት ስደውል እንዳላምታታቸው ራሴ በተየብኩት ረቂቅ ራስጌ ላይ እውነተኛ ስማቸውንና ስልካቸውን በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ። ከታተመ በኋላ ረቂቁን አቃጥላለሁ። «አመዱን ሳይቀር በትኜዋለሁ» እላቸዋለሁ።

ለአጸደ ደግሞ ከሁሉም አስበልጬ ምዬላታለሁ። አጸደ ጎረቤቴ ናት፤ የሁለት ልጆች እናት፣ ሲጠሯት እንኳ ወደ መሬት እያየች «አቤት» የምትል። ጽሑፏን በመሐረብ ጠቅልላ ስታመጣልኝ ሁለት ጊዜ ዞራ በሩን አየች።

«እትዬ ብርሃኔ፣ አምሐ ካየው አለቀልኝ» አለችኝ። አምሐ ባሏ ነው፤ ሚኒባስ ታክሲ የሚነዳ፣ በቀን ከአሥር ቃል በላይ የማይናገር። «ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ?»

«መልአክ ወርዶ ቢጠይቀኝ አልናገርም» አልኳት።

አንብቤው ሳበቃ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ። የዓለምን ጽሑፍ ሁሉ ጠጥቼ የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። አንዲት ሴት አንድን ወንድ ከእራት በፊት እጁን ታስታጥበዋለች። በቃ። ግን ያቺ ውሃ! ሰውየው ማን ነው ብዬ አልጠየቅኋትም። ምን ያስጠይቃል? አሥራ አምስት ዓመት አብራው ስለኖረችው ባሏ እንዲህ ብላ የምትጽፍ ሴት የት አለች? ወይ ግቢያቸው ያለው ተከራይ ነው፣ ወይ የድሮ ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ። እኔ ደግሞ ከደመደምኩ ደመደምኩ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከአልፊያ ቆሎ ገዛሁ። አልፊያ ታክሲ ተራው አጠገብ ነው የምትሸጠው፤ የተበላሸ ወረቀት በካርቶን እያጠራቀምኩ ለመጠቅለያ እሰጣታለሁ። ሱቄ ገብቼ ቆሎዬን ጨርሼ ወረቀቱን ስዘረጋው፣ «ከንፈሯን ነክሳ መብራቱን አጠፋችው» ይላል።

ይህቺን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። የ«ጓዳ» ቅጽ ሦስት ናት።

ትናንት ረቂቆቹን ላቃጥል ክብሪት እንደያዝኩ አዳማ ያለችው እህቴ ደውላ፣ «ጓዳ» ናይሮቢ ልትገባ ጫፍ እንደደረሰች እያወራሁላት ነበር። ወሬው ሲሞቅ ወረቀቱን የአልፊያ ካርቶን ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ማታ መጥታ ይዛው ሄደች። ሰባት ሴቶች፤ ሰባት ቀይ ስሞች።

ነጠላ ሳልደርብ ሮጥኩ።

«አልፊያ! ትናንት የወሰድሽው ወረቀት!»

«ዛሬማ ጉድ ነው እትዬ» አለች እየሳቀች። «ሴቶቹ ገዝተው ይሄዱና ይመለሳሉ። አንዷማ ‘ቆሎውን ተዪው፣ የወረቀቱን ቀጣይ ፈልጊልኝ’ አለችኝ።»

በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ። በግማሽ ቀን ስርጭታችን እጥፍ ሆኗል።

ክምሩን ነጥቄ መፈተሽ ጀመርኩ። የተሸጡት ስም የሌለባቸው የውስጥ ገጾች ናቸው። ስድስቱ ቀይ ስሞች ከሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። የአጸደ ወረቀት ግን ለሁለት ተቆርጧል፤ ያለው የታችኛው ግማሽ ብቻ ነው።

«የዚህችን የላይዋን ለማን ሰጠሽ?»

«እሷን? ለአምሐ ነዋ። አሁን፣ ተራ ሲይዝ። ምነው፣ ፊትዎ አመድ መሰለሳ!»

አምሐ ከሰልፉ አራተኛ ነበር። መኪናው ባዶ ነው፤ እሱ መሪው ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ቆሎው ጭኑ ላይ እንዳለ ያነባል። አንዲት ፍሬ አልቀመሰም።

«ይግቡ እትዬ» አለኝ ሳያየኝ። ከጎኑ ተቀመጥኩ። «ይሄ የሚስቴ ስልክ ነው።»

ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠኝም።

«‘አጸደ’ ይላል። ‘ባሏ ካነሳው ይዘጋ’ ይላል። ባሏ እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት!» አልኩ። «ስሟን ለብዕር ስም ልዋሳት አስቤ ነው። ልደውልላት ነበር። እሷ ምንም አታውቅም፣ መድኃኔዓለምን!»

ቀና ብሎ አየኝ። «እርስዎ?»

«እኔ! ስንት የጻፍኩ ሴት!»

«ቆሼ ያለውን የኤሌክትሪክ ጣቢያ ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ ብለውኝ አልነበር?»

«ይሄኛው እውነት ነው!» በዕድሜዬ እንደዚያች ደቂቃ ልታመን ለምኜ አላውቅም። አጸደ ከሁለት ልጆቿ ጋር ሻንጣ ይዛ በሩ ላይ ስትቆም ይታየኝ ነበር።

አምሐ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረው። «‘ውሃውን በቀጭኑ ነው የማፈሰው’ ይልና ይቆረጣል። የጻፉት እርስዎ ከሆኑ ቀጥሎ ምን ይላል?»

አራት ጊዜ አርሜዋለሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ቶሎ እንዳያልቅ። ካለቀ እጁን ይወስድብኛል። ናፍጣው ከጣቶቹ መሐል እየለቀቀ ሲወርድ አየዋለሁ። ውሃው አውራ ጣቱ ላይ ካለችው ጠባሳ ሲደርስ ትንሽ ይቆማል፣ እኔም ትንፋሼ ይቆማል። ጣቴ እዚያ ላይ ማረፍ ያምረዋል፤ ከዚያ ወደ ክንዱ፣ ከዚያ ወደ አንገቱ፣ ሸሚዙ ወደሚጀምርበት። ፎጣውን ሳቀብለው አንድ ቀን ቀና ብሎ ቢያየኝ፣ የዚያን ቀን እራቱ ይቀዘቅዛል።»

አንዲት ቃል አልሳትኩም። ዓይኔን ስገልጥ እጁ መሪው ላይ ነበር። አውራ ጣቱ ላይ ነጭ ጠባሳ አለ።

አራት ጊዜ ያረምኩት እኔ ናፍጣውን ምን መስሎኝ ነበር?

አምሐ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ ቀስ ብሎ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ደበቀው።

«ቃል በቃል ያውቁታል» አለ። «የእርስዎ ነው ማለት ነው።»

«አምሐ፣ ቆየኝ…»

«እትዬ፣ እኔ ባለትዳር ነኝ።» ጆሮው ቀልቷል። «ዓይንዎን ከእኔ ላይ ያንሱ። ለሰው አልናገርም፤ ለአጸደም አልነግራትም። ብቻ ይብቃ።» ከዚያ በመስታወቱ ወደ ውጭ እያየ፣ «ሳነበው ግን የአጸደ መስሎኝ ነበር» አለ።

«የአጸደ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ዋሸሁህ! እሷ ናት የጻፈችው፣ ስላንተ ነው!»

ፈገግ አለ። እንደዚያ ያለ የተሰበረ ፈገግታ አይቼ አላውቅም፤ ይህንን አላጋነንኩም። «ቅድም የእርስዎ ነበር፣ አሁን የእሷ ሆነ። እኔን ለማጽናናት አይድከሙ እትዬ።» ቆሎውን እፍኝ እፍኝ አድርጎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ጨመረ፤ ወረቀቱን ለሁለት አጥፎ ሰጠኝ። «ወረቀትዎን።»

ተራው ደርሶ ነበር። ወረድኩ። ተሳፋሪ ሞላና ሄደ።

ስሮጥላት የዋልኩት ወረቀት እጄ ላይ ናት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያልሆነውን ሆነ ስል ኖሬ፣ የሆነውን አንዲት ነገር የሚያምነኝ አጣሁ። መንገዱ ዳር ቆሜ በገዛ እጄ በቀይ የጻፍኩትን ቁጥር ደወልኩ። ባሏ አላነሳውም፤ እሷ አነሳችው። ክብሪቱን፣ ካርቶኑን፣ ቆሎውን፣ በአፌ የሠራሁትን ሁሉ ነገርኳት። እስክትጮህብኝ ጠበቅሁ። እንድትጮህብኝ ለመንኩ።

ቆይታ፣ «የአጸደ መስሎኝ ነበር አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«እንዴት አድርጎ ነው ያለው?»

«ወደ ውጭ እያየ።»

በዚያ «አቤት» በምትልበት ድምፅ፣ «እትዬ፣ አንዴ ይድገሙልኝ» አለች። «ምንም ሳይጨምሩበት።»

«ሳነበው ግን የአጸደ መስሎኝ ነበር»፤ አምስት ቃል ናት። አምስቱንም እንዳሉ ሰጠኋት፤ ከስልኩ ወዲያ ማዶ ታለቅስ ይሁን ትስቅ መደምደም አልደፈርኩም።